የአንጀት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችና የሕዋስ አጽም፦ የአንድ ግኝት ታሪክ

መግቢያ

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሰውን ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲያሠቃይ የኖረ በሽታ ነው። በጦር ሰፈር፣ በእስር ቤት፣ በስደተኞች መጠለያና ንጹሕ ውኃ በማይገኝባቸው መንደሮች ሁሉ ተመላልሶ ይታያል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። ከበሽታው መንስኤዎች ዋነኛ የሆነው ባክቴሪያ ተለይቶ ከታወቀ ከመቶ ሃያ ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ ይህ ባክቴሪያ ወደ አንጀት ሕዋስ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሠራ በዝርዝር መታወቅ የጀመረው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ዕውቀት እንዴት እንደተገኘ መተረክ ነው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ይሆናል፦ በርካታ የአንጀት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሕዋስን የሚያጠቁት በመርዝ ብቻ አይደለም። ሕዋሱ ቅርጹን የሚጠብቅበትንና የሚንቀሳቀስበትን የውስጥ አጽም በራሳቸው ትእዛዝ ሥር በማዋል ጭምር ነው። ይህ ጉዳይ የቤተ ሙከራ ተመራማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ሆኖም በጽሑፉ መጨረሻ እንደምንመለከተው፣ በጤና ጣቢያ ለሚሠራው ባለሙያ የትኛውን መድኃኒት መስጠት እንዳለበት፣ ከየትኛውም መቆጠብ እንዳለበት የሚያስረዳ ዕውቀት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ከሺጋ ግኝት የተረፈው ጥያቄ

በ1897 በጃፓን «ሴኪሪ»፣ ማለትም «ቀይ ተቅማጥ»፣ ይባል የነበረው በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ከ90,000 በላይ ሰዎችን ያዘ። ከታመሙትም ከአምስቱ አንድ በላይ የሚሆኑት ሞቱ። በቶኪዮ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም፣ በታዋቂው በሺባሳቡሮ ኪታሳቶ ሥር ይሠራ የነበረው የ26 ዓመቱ ሐኪም ኪዮሺ ሺጋ የ36 ሕሙማንን ሰገራ መረመረ። ከሰገራቸው ያገኘው ባክቴሪያ ከሕሙማኑ የደም ውኃ ጋር ሲቀላቀል እንደሚጓጉል አስተዋለ፤ በዚህም የበሽታውን መንስኤ ለመለየት ቻለ። ባክቴሪያው ኋላ በእርሱ ስም «ሺጌላ» ተባለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አሜሪካዊው ሳይመን ፍሌክስነር በፊሊፒንስ ከሕሙማን ሌላ ዓይነት ለየ፤ እርሱም ዛሬ «ሺጌላ ፍሌክስነሪ» ተብሎ ይታወቃል።

በዚያ ዘመን የተላላፊ በሽታ ምርምር የመርዝ ዘመን ነበር ማለት ይቻላል። የዲፍቴሪያና የመንጋጋ ቆልፍ መርዞች ታውቀው ስለነበር፣ ተመራማሪዎች በሺጋ ባክቴሪያም ውስጥ መርዝ ፈለጉ፤ አገኙም። መርዙ ጥንቸሎችን ሽባ የሚያደርግና የሚገድል ብርቱ መርዝ ነበር። ስለዚህ የደም ተቅማጥ ምክንያቱ ይህ መርዝ ነው የሚለው አስተያየት ሚዛን ደፋ። ነገር ግን አንድ የማይፈታ ነገር ቀረ። የፍሌክስነር ዓይነት ባክቴሪያ በአብዛኛው ይህን መርዝ አያመርትም፤ ሆኖም በእርሱ የተያዘው ሕመምተኛም በቁርጠት ይሠቃያል፣ ደምና መግልም ያስቀምጣል። መርዝ ከሌለ አንጀቱን ያቆሰለው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ ለበርካታ አሥርተ ዓመታት ቆየ።

መልሱ የመጣው በ1964 ነው። በአሜሪካ በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ላብሬክ፣ ሽናይደር፣ ማኛኒና ሳሙኤል ፎርማል አንድ ቀላል ንጽጽር አደረጉ። ከአንድ የሺጌላ ፍሌክስነሪ ዝርያ የተገኙ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ነበሯቸው፤ አንደኛው በሽታ ያመጣል፣ ሌላው ግን ይህን ችሎታውን አጥቷል። ሁለቱን በእንስሳት አንጀትና በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ ሲያነጻጽሩ፣ በሽታ አምጪው ወደ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ሰርጎ ሲገባ የደከመው ግን ውጭ ሲቀር አዩ። ስለዚህ ወደ ሕዋስ መግባት የበሽታው ወሳኝ እርምጃ ነው ብለው ደመደሙ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው «መርዙ ምንድን ነው?» ከሚለው ይልቅ «በሩን የሚከፍተው ማን ነው?» ወደሚለው ተሻገረ። የአንጀት ሽፋን ሕዋስ እንደ ነጭ የደም ሕዋስ ባክቴሪያ የመዋጥ ልማድ የለውምና።

የሕዋስ አጽም ምንድን ነው?

ታሪኩን ለመቀጠል ወደ ሌላ የምርምር መስክ ጥቂት ማምራት ያስፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1942፣ በሃንጋሪ ሴገድ ከተማ በአልበርት ሴንት-ጆርጂ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ብሩኖ ስትራውብ ከጡንቻ ውስጥ አንድ ፕሮቲን ለየ። ይህ ፕሮቲን «አክቲን» ተባለ። ጡንቻ የሚኮማተረው አክቲን ማዮሲን ከሚባለው ሌላ ፕሮቲን ጋር ተባብሮ በመሥራቱ እንደሆነ ታወቀ። ለሃያ ዓመታት ያህልም አክቲን የጡንቻ ንብረት ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ1966 ግን ጃፓናውያኑ ሃታኖና ኦሳዋ ምንም ጡንቻ ከሌለው ዝልግልግ ሻጋታ መሰል ፍጡር አክቲን አወጡ። ቀስ በቀስም አክቲን በሰው ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን መሆኑ ተረጋገጠ።

የአክቲን ባሕርይ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አክቲን ትንሽ ድቡልቡል ፕሮቲን ነው፤ ሕዋሱ ሲያዝ ድቡልቡሎቹ እንደ ዶቃ እየተያያዙ ረጅም ክር ይሠራሉ። ክሩ በአንደኛው ጫፍ ይገነባል፣ በሌላኛው ይፈታል። የሕንፃ ሠራተኞች የባሕር ዛፍ አጣና እያሰሩ መወጣጫ እንደሚሠሩ፣ ሥራው ሲያልቅም ፈትተው ወደ ሌላ ግድግዳ እንደሚያዛውሩት ሁሉ፣ ሕዋሱም አክቲኑን ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ ይተክለዋል። ከአክቲን በተጨማሪ ማይክሮቱብዩልና መካከለኛ ክሮች የሚባሉ ሌሎች የአጽሙ ክፍሎችም አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ግን አክቲን ነው። በአንጀት ሽፋን ሕዋስ አናት ላይ እንደ ብሩሽ ጸጉር ተደርድረው ምግብ የሚመጥጡት ማይክሮቪላይ እንኳ ቀጥ ብለው የሚቆሙት እያንዳንዳቸው በውስጣቸው የአክቲን ክሮች ነዶ ስላላቸው ነው።

ይህን አጽም ለማጥናት ሁለት መሣሪያዎች ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው፤ ሁለቱም የተገኙት ካልተጠበቀ ቦታ ነው። አንዱ በ1967 ይፋ የሆነው፣ ከሻጋታ የሚገኘው «ሳይቶካላሲን» ሲሆን የአክቲን ክር እንዳይገነባ ያግዳል። ሁለተኛው ሰው ገዳይ ከሆነ እንጉዳይ የሚወጣው «ፋሎይዲን» ነው። ፋሎይዲን ከአክቲን ክር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ በ1979 ከሚያበራ ቀለም ጋር ሲያያዝ አክቲንን በአጉሊ መነጽር ሥር አብርቶ የሚያሳይ መሣሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት ቶማስ ሄልና ባልደረቦቹ ሳይቶካላሲን የተሰጣቸው ሕዋሳት ሺጌላን ወደ ውስጥ እንደማያስገቡ አሳዩ። በሩን የሚከፍተው እንግዲህ የሕዋሱ የራሱ አጽም ነበር።

በ1982 ፊሊፕ ሳንሶኔቲ ከኮፔኮና ከፎርማል ጋር ሆኖ ይህን ችሎታ ለሺጌላ ፍሌክስነሪ የሚሰጠው አንድ ትልቅ ፕላዝሚድ መሆኑን አረጋገጠ፤ ፕላዝሚዱን ያጣ ባክቴሪያ ወደ ሕዋስ መግባት አይችልም። በ1987 ደግሞ ክሌርክና ሳንሶኔቲ ባክቴሪያው ሕዋሱን በነካበት ሥፍራ አክቲን ተሰብስቦ እንደሚገነባ በምስል አሳዩ። ሕዋሱ ክንዱን ዘርግቶ ባክቴሪያውን ያቅፈዋል፤ ዋጠውም። ነገር ግን የዋጠው በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በባክቴሪያው ትእዛዝ ነው።

እግር የሌለው ተጓዥ

የሕክምና ትምህርት የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ሺጌላ መንቀሳቀሻ ጅራፍ የለውም፤ በቤተ ሙከራ በፈሳሽ ውስጥ ሲታይ አይጓዝም። እንዲያውም ይህ ባሕርይ ከሌሎች የአንጀት ባክቴሪያዎች ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ነገር ግን በ1968 ኦጋዋ፣ ናካሙራና ናካያ የተባሉ ጃፓናውያን በሺጌላ የተያዙ ሕዋሳትን በፊልም ሲቀርጹ፣ ባክቴሪያዎቹ በሕዋሱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲጓዙ አዩ። እግር የሌለው ፍጡር እንዴት ተጓዘ? የታየውን የሚያስረዳ ዕውቀት ገና ስላልነበረ ጥያቄው ለሃያ ዓመታት ያህል እንደተንጠለጠለ ቆየ።

በ1986 ማኪኖ፣ ሳሳካዋና ባልደረቦቻቸው በዚያ ትልቅ ፕላዝሚድ ላይ አንድ ጂን አገኙ። ጂኑ የተበላሸበት ባክቴሪያ ወደ ሕዋስ ይገባል፣ ይራባልም፤ ወደ ጎረቤት ሕዋስ ግን አይሻገርም። በ1989 በርናርዲኒ፣ ሳንሶኔቲና ባልደረቦቻቸው ፋሎይዲንን ተጠቅመው ምሥጢሩን ገለጡት። በሕዋስ ውስጥ ከሚጓዘው ከእያንዳንዱ ባክቴሪያ ጀርባ ረጅም የአክቲን ጭራ ተዘርግቶ ታየ፤ አምሳያውም ቁርጥ ጅራታም ኮከብ ነው። ጂኑ የተበላሸበት ባክቴሪያ ይህ ጭራ የለውም። በዚያው ዓመት ሉዊስ ቲልኒና ዳንኤል ፖርትኖይ በተበከለ ምግብ አማካይነት በአንጀት በኩል የሚገባው ሊስቴሪያም ተመሳሳይ ጭራ እንደሚሠራ አሳተሙ። ሁለቱ ባክቴሪያዎች በዝርያ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ አንደኛው ግራም ኔጋቲቭ፣ ሌላው ግራም ፖዘቲቭ ነው። ሆኖም ሁለቱም ለየብቻቸው አንድ ዓይነት ዘዴ ላይ ደርሰዋል።

ጭራው ባክቴሪያውን የሚያንቀሳቅሰው እንዴት ነው? በ1992 ጁሊ ቴሪዮ፣ ቲም ሚቺሰን፣ ቲልኒና ፖርትኖይ የሊስቴሪያን ጭራ በጥንቃቄ ለኩ። ጭራው በቆመበት ይቆማል እንጂ ባክቴሪያውን ተከትሎ አይጎተትም። አዲስ አክቲን የሚጨመረው ባክቴሪያው ጀርባ ላይ ነው፤ ባክቴሪያው የሚጓዝበት ፍጥነትም አክቲኑ ከሚገነባበት ፍጥነት ጋር እኩል ነው። በሌላ አነጋገር ባክቴሪያው ጭራውን አይስብም፤ ጭራው ከኋላው እየተገነባ ይገፋዋል። በጡንቻ ውስጥ ከአክቲን የማይለየው ማዮሲን ለዚህ ጉዞ አላስፈለገም። የክሩ ማደግ ብቻውን የሚገፋ ኃይል ሆነ።

ቀጣዩ ጥያቄ ግንባታውን የሚጀምረው ማን ነው የሚለው ነበር። እዚህም ላይ መልሱ ከሦስት የተራራቁ መስኮች መጥቶ ተገናኘ። በ1994 ማቼስኪ፣ ፖላርድና ባልደረቦቻቸው ከአንድ ነጻ ኗሪ አሜባ ውስጥ «አርፕ2/3» የተባለ የፕሮቲኖች ጥምረት ለዩ፤ ሥራው ግን ገና በውል አልታወቀም ነበር። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ወንድ ሕፃናትን የሚያጠቃውን፣ በመድማት፣ በችፌና በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን የሚታወቀውን የዊስኮት-አልድሪች በሽታ ጂን ለይተው አወጡ። በ1997 ዌልችና ሚቺሰን ከባልደረባቸው ጋር በመሆን በሊስቴሪያ ገጽ ላይ የአክቲን ግንባታን የሚጀምረው አርፕ2/3 መሆኑን አሳዩ። በ1998 እና በ1999 ደግሞ ሺጌላ ይህንኑ አርፕ2/3 የሚያዝዘው «ኤን-ዋስፕ» በተባለ የሕዋሱ ፕሮቲን አማካይነት መሆኑ ታወቀ። ኤን-ዋስፕ በዊስኮት-አልድሪች በሽታ ከሚጎድለው ፕሮቲን ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ነው። ሺጌላ አንድ ፕሮቲኑን በአንደኛው ጫፉ ብቻ አከማችቶ ኤን-ዋስፕን በዚያ ይይዛል፤ ስለዚህ ጭራው በአንድ ወገን ይሠራል፣ ጉዞውም አቅጣጫ ይኖረዋል።

በ1999 በፈረንሳይ ማሪ-ፍራንስ ካርሊዬና ባልደረቦቿ የመጨረሻውን ማረጋገጫ አቀረቡ። ሕዋስ በሌለበት፣ በጣት የሚቆጠሩ የተጣሩ ፕሮቲኖችንና የኃይል ምንጭ የሆነውን ኤቲፒን ብቻ በአንድነት ቀላቅለው ባክቴሪያዎቹን ሲጨምሩባቸው ባክቴሪያዎቹ ተጓዙ። ለጉዞው ምን ምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ ወዲያ አላከራከረም።

የጉዞው ውጤት ለሕመምተኛው ከባድ ነው። በጭራው የሚገፋው ሺጌላ ወደ ሕዋሱ ጠርዝ ሲደርስ የሕዋሱን ገለፈት እንደ ጣት ቀስሮ ወደ ጎረቤቱ ሕዋስ ይገፋል፤ ጎረቤቱም ይውጠዋል። ባክቴሪያው የተጠቀለለበትን ድርብ ገለፈት ቀድዶ ይወጣና እዚያም መራባት ይጀምራል። ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ሲሻገር ወደ ውጭ ብቅ ስለማይል በደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል አያገኘውም። የተጎዱት ሕዋሳት ጥሪ ሲያሰሙ የሚመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ አንጀቱን ይበልጥ ያቆስሉታል። ከመቶ በታች የሆኑ ባክቴሪያዎች ብቻ ጤነኛን ሰው ሊያሳምሙ የሚችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ የተሰወረ መስፋፋት ነው።

መቀመጫውን ይዞ የሚመጣው እንግዳ

ሁሉም ባክቴሪያ ወደ ውስጥ አይገባም። በ1945 ጆን ብሬይ በለንደን አቅራቢያ በክረምት ሳይሆን በበጋ ወራት ሕፃናትን የሚጨርሰውን ተቅማጥ ሲመረምር፣ ከሕፃናቱ በብዛት ያገኘው አንድ የኢ. ኮላይ ዓይነት ነበር። ይህና መሰሎቹ ኋላ «ኢንቴሮፓቶጄኒክ ኢ. ኮላይ» ተባሉ። ሆኖም በ1970ዎቹ የሌሎች ኢ. ኮላይዎች መርዞች ሲታወቁ፣ እነዚህ መርዝ የሌላቸው ሆነው በመገኘታቸው እውነት በሽታ ያመጣሉን? የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። በ1978 ማይረን ሌቪንና ባልደረቦቹ ባክቴሪያዎቹን ለበጎ ፈቃደኞች ሰጥተው ተቅማጥ እንደሚያስከትሉ በማረጋገጥ ጥርጣሬውን አስወገዱ።

ታዲያ ያለ መርዝና ሳይገቡ እንዴት አሳመሙ? ፍንጩ ቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1969 ስቴሊና ባልደረቦቹ የአሳማ ግልገሎችን አንጀት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ባክቴሪያው በተጣበቀበት ሥፍራ ማይክሮቪላዮቹ ጠፍተው፣ ሕዋሱ ከሥሩ እንደ ጉብታ ተነሥቶ ባክቴሪያውን እንደ ዙፋን ተሸክሞት አዩ። በ1989 ስቱዋርት ነተንና ባልደረቦቹ በሚያበራው ፋሎይዲን ሲመረምሩት ጉብታው የተሞላው በአክቲን ሆኖ ተገኘ። ምግብ ለመምጠጥ የተሠራው የአክቲን ነዶ ተፈትቶ ለባክቴሪያው መቀመጫነት ውሏል ማለት ነው።

የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ባክቴሪያው የሚጣበቅበት የሕዋሱ ተቀባይ አንድ ትልቅ ፕሮቲን መሆኑ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታውቆ፣ ተመራማሪዎችም የሕዋሱ ንብረት ነው ብለው ሰይመውት ነበር። በ1997 ብሬንዳን ኬኒ፣ ብሬት ፊንሌይና ባልደረቦቻቸው ፕሮቲኑ የሕዋሱ ሳይሆን የባክቴሪያው መሆኑን ገለጡ። ባክቴሪያው የራሱን ተቀባይ በመርፌ መሰል መሣሪያ ወደ ሕዋሱ ይወጋል፤ ተቀባዩ በሕዋሱ ገለፈት ላይ ይተከላል፤ ከዚያም ባክቴሪያው በእርሱ ላይ ይጣበቃል። እንግዳው ወንበሩን ይዞ መጥቶ በሰው ቤት ውስጥ ተክሎ ተቀመጠበት እንደ ማለት ነው።

ከፍቶ የሚዘጋውና የሚያፈርሰው

መርፌ መሰሉ መሣሪያ የኢ. ኮላይ ብቻ አይደለም፤ ሺጌላም ሳልሞኔላም አላቸው። በ1998 የሳልሞኔላ መሣሪያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ በእርግጥም የመርፌ ቅርጽ ያለው ሆኖ ተገኝቷል።

የሳልሞኔላ ታሪክም የሚጀምረው ታይቶ ካልተብራራ ነገር ነው። በ1967 አኪዮ ታኬውቺ በጊኒ ፒግ አንጀት ላይ ባደረገው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጥናት፣ ሳልሞኔላ ሲቀርብ የሕዋሱ ማይክሮቪላይ ሲፈርሱ፣ ባክቴሪያው ሲዋጥ፣ ከዚያም የሕዋሱ ገጽ ወደ ቀድሞው መልኩ ሲመለስ አየ። መፍረሱን ማስረዳት ይቻል ይሆናል፤ መልሶ መጠገኑ ግን እንቆቅልሽ ነበር። በ1998 ሃርትና ሆርሄ ጋላን ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሳልሞኔላ ወደ ሕዋሱ ከሚወጋቸው ፕሮቲኖች አንዱ የአክቲንን ግንባታ የሚያዝዙትን የሕዋሱን ማብሪያ ማጥፊያዎች እንደሚያበራ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ፉና ጋላን ሌላው የሳልሞኔላ ፕሮቲን እነዚያኑ ማብሪያዎች መልሶ እንደሚያጠፋ አረጋገጡ። ሳልሞኔላ በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ከገባም በኋላ መልሶ ይዘጋዋል። ታኬውቺ ያየው ይህንኑ ነበር፤ የታየው እስኪብራራ ግን ከሠላሳ ዓመታት በላይ አልፈዋል።

በሌላ በኩል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ለሚመጣ ብርቱ ተቅማጥ ምክንያት የሆነው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲሌ ሳይገባም ሳይጣበቅም አጽሙን ያፈርሳል። በ1995 እንደተገለጠው መርዞቹ በእነዚሁ ማብሪያ ማጥፊያዎች ላይ የስኳር ቅንጣት ለጥፈው ሥራ ያስቆሟቸዋል፤ የአክቲን ክሮች ይፈታሉ፣ ሕዋሱም ተኮማትሮ ይድቦለቦላል፣ ከጎረቤቱም ይላቀቃል። መርዝና የሕዋስ አጽም ሁለት የተለያዩ ታሪኮች መስለው ቢጀምሩም በዚህ ሥፍራ አንድ ሆነዋል።

ሕዋሱም ዝም ብሎ አይመለከትም

ባክቴሪያው ብቻ አዛዥ፣ ሕዋሱ ግን ታዛዥ ሆኖ መታየት የለበትም። በ2010 ሰርጅ ሞስቶዊና ባልደረቦቹ «ሴፕቲን» የሚባሉ የአጽሙ ፕሮቲኖች በአንዳንድ ሺጌላዎች ዙሪያ ተጠቅልለው እንደ ጎጆ እንደሚያጥሯቸውና ጉዟቸውን እንደሚገቱ ገለጹ። በ2017 ደግሞ በርካታ ቡድኖች ጂ.ቢ.ፒ. የተባሉ የሕዋሱ ፕሮቲኖች ሺጌላን ለብሰው ጭራ እንዳይሠራ እንደሚያግዱት፣ ሺጌላም በበኩሉ እነዚህን ፕሮቲኖች ለጥፋት የሚዳርግ የራሱ ፕሮቲን እንዳለው አሳተሙ። ትግሉ በሁለቱም ወገን የሚካሄድ ነው።

ለጤና ባለሙያው ምን ይጠቅማል?

ከላይ የተተረከው ሁሉ ለሕሙማን አገልግሎት ምን ትርጉም እንዳለው በሦስት ነጥቦች ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛው የመድኃኒት ምርጫ ነው። ተመራማሪዎች ስንት ባክቴሪያ ወደ ሕዋስ እንደገባ ለመቁጠር የሚጠቀሙበት የታወቀ ዘዴ አለ። ሕዋሳቱን ከባክቴሪያው ጋር ካቆዩ በኋላ ጄንታማይሲን ይጨምራሉ። ጄንታማይሲን ወደ ሕዋስ በሚገባ ስለማይዘልቅ ውጭ የቀሩት ይሞታሉ፣ ውስጥ ያሉት ይተርፋሉ፤ የተረፉት ይቆጠራሉ። በቤተ ሙከራ ለቆጠራ የሚጠቅመው ይህ እውነት በሕመምተኛው አልጋ ዘንድ ማስጠንቀቂያ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ሺጌላው በጄንታማይሲን እንደሚሞት ቢናገር እንኳ፣ ሳህኑ ላይ ያለው ባክቴሪያ ራቁቱን ነው፤ በሕፃኑ አንጀት ያለው ግን በሕዋስ ውስጥ ተከልሏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው መመሪያ ጄንታማይሲንን ለሺጌላ ከማይጠቅሙ መድኃኒቶች መካከል የመደበው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው የምርመራ ልማዳችን ነው። በአገራችን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲታይ «አሜባ ነው» ማለት ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ሜትሮኒዳዞል በሺጌላ ላይ አንዳች ኃይል የለውም፤ በተሰጠባቸው ቀናት ሁሉ ባክቴሪያው ከሕዋስ ወደ ሕዋስ መሻገሩን ይቀጥላል። ያው የ2005 መመሪያ በሕፃናት ላይ የሚታይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በቅድሚያ እንደ ሺጌላ እንዲታከም ይመክራል። ለዚህም ወደ ሕዋስ የሚዘልቀውን ሲፕሮፍሎክሳሲንን፣ በኪሎ ግራም 15 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 ቀናት፣ ከፈሳሽ ምትክና ከዚንክ ጋር አመልክቷል። በሁለት ቀናት ውስጥ መሻሻል ካልታየ መድኃኒቱን የተቋቋመ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱን መለወጥ ይገባል። ይህ ሥጋት በግምት ላይ የተመሠረተ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እና በ2024 ባወጣቸው አሳሳቢ ባክቴሪያዎች ዝርዝሮች ውስጥ የፍሎሮኪኖሎን መድኃኒቶችን የተቋቋመ ሺጌላን አካትቷል። ስለሆነም በየአካባቢው የሚገኝ የካልቸር ውጤት መከታተል የግድ ነው።

ሦስተኛው ክትባት ነው። ጭራ የሚሠራውን ጂን ማወቅ ወዲያውኑ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ጂኑ የወጣለት ሺጌላ ወደ ሕዋስ ገብቶ የመከላከያ ኃይልን ያነቃቃል፣ መስፋፋት ግን አይችልም። በዚህ ሐሳብ ከተዘጋጁት አንዱ «ኤስ.ሲ.602» የተባለው ክትባት በአሜሪካ በጎ ፈቃደኞችን ከበሽታ መከላከሉ በ1999 ታወቀ። በባንግላዴሽ በተደረገውና ውጤቱ በ2011 በታተመው ሙከራ ግን ያስነሣው የመከላከያ ምላሽ እጅግ ደካማ ሆኖ ተገኘ። በሽታው በሚበዛበት አገር የሚሠራ ክትባት በበሽታው ብዙም በማይጠቃ አገር ከተገኘ ውጤት ብቻ ሊገመት እንደማይችል ይህ ያስተምራል። በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚሰጥ የሺጌላ ክትባት እስከ ዛሬ የለም።

ማጠቃለያ

ከሺጋ ማይክሮስኮፕ እስከ ካርሊዬ ንጹሕ ፕሮቲኖች ድረስ መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በዚህ መካከል ኦጋዋ በ1968፣ ታኬውቺ በ1967፣ ስቴሊም በ1969 ያዩትን በትክክል መዝግበው አለፉ፤ ማብራሪያው ኋላ ከጡንቻ፣ ከእንጉዳይ፣ ከአሜባና ከሕፃናት የደም በሽታ ምርምር ተሰባስቦ መጣ። ያልገባንን ነገር በታማኝነት መዝግቦ ማቆየት ከሐኪምም ሆነ ከላቦራቶሪ ባለሙያ የሚጠበቅ ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ለጊዜው በእጃችን ያለው ግን የታወቀ ነው። ባክቴሪያው ወደ ሕዋሱ ከገባ በኋላ ተከታትሎ መያዝ ከባድ ነው፤ ለበሽታም ጥቂቱ ይበቃዋል። ስለዚህ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት ከሕዋሱ በር አስቀድሞ የሚቆሙ መከላከያዎች ናቸው። ተላልፎ ለገባው ደግሞ ወደ ሕዋስ የሚዘልቅና ባክቴሪያው ያልተቋቋመው መድኃኒት በወቅቱና በትክክለኛው መጠን መስጠት ይገባል። እናት ደም የቀላቀለ ሰገራ ያስቀመጠ ልጇን ይዛ ስትመጣ፣ የምንጽፍላት ማዘዣ ይህን ሁሉ ታሪክ ያገናዘበ ሊሆን ይገባዋል።